ነፋሳችንን እንደ ሙሽራ የዳርኩ ጊዜ

ብረት ይደክማል አሉኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚደክመው ሰው፣ በሬና አህያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ብረት ይዝጋል፣ ይጣመማል፣ ጠባቂ ካጣም ይሰረቃል። ደከመኝ ብሎ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ግን አይቼ አላውቅም። ይህን ወግ የማወጋችሁ ብረትም እንደ ሰው እንደሚደክም፣ ደክሞ ሲሰበር ደግሞ እንዲሁ እንደማይሰበር፣ አንድ ጥፋተኛ ሽማግሌ ይዞ እንደሚሰበር ስለተማርኩ ነው። ሽማግሌው እኔ ነኝ።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። በልጅነቴ ቁርኣን ቀርቻለሁ፤ ጎልማሳ ሆኜ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ አውድማ ነው። መንደራችን ከመርሳ ወደ ደጋው ሲወጣ ባለው ተረተር ላይ ነች። ታች መርሳ ማንጎና ብርቱካን አለ፤ እኛ ከላይ ሆነን እናየዋለን። ውሃውም እንደ ማንጎው ታች ነው። ወንዙ ድረስ ለመውረድ አንድ ሰዓት ይበቃል። ለመውጣቱ ግን ሰዓት አይበቃውም፤ የሚቆጠረው ዕድሜ ነው። ባለቤቴ ዘይነባ ይህን መንገድ ጀሪካን ተሸክማ አርባ ዓመት ወጥታዋለች። በፊት ስትወጣ ትዘፍን ነበር፤ በኋላ ታጉረመርም ጀመር፤ ይኸው አሁን ዝም ብላ ነው የምትወጣው። እኔ ዝምታዋን ነበር የምፈራው።

ታዲያ አንድ ፕሮጀክት መጣ። ጥልቅ ጉድጓድ እንቆፍራለን፣ ውሃውን የሚስብ የነፋስ ተርባይን እንተክላለን አለ። ስሙን አልጠራም፤ እሱም የኛን ስም አስተካክሎ ጠርቶት አያውቅም። ከሰዎቹ ጋር ሐና የምትባል ኢንጂነር ነበረች፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ከሷ የሚከብድ። ኮምፒውተሯን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ነበር የምትሄደው።

"አባባ፣" አለችኝ፣ "የተርባይኑ ብረት ስንት ዘመን እንደሚኖር አስቀድመን በሶፍትዌር ማስላት አለብን። ለዚያ ደግሞ የነፋሳችሁን ጠባይ ማወቅ አለብኝ። እንደ ሕጉ ከሆነ መለኪያ ተክለን አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረብን።"

"ታዲያ ተክላችሁ ጠብቁዋ።"

"በጀቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል።"

ይህ የሆነው በሚያዝያ ነው። አያችሁ፣ ነፋሱ ዓመት ሙሉ ይነፍሳል፤ ገንዘቡ ግን ሰኔ ሠላሳ ይቆማል። ስለዚህ ነፋሱን የሚያውቅ ሽማግሌ ይጠየቅ ተባለ። መንደሩ ሁሉ ወደኔ ጠቆመ። ስድሳ መኸር አውድማ ላይ ቆሜ፣ በላይዳ እህል ወደ ላይ እየበተንኩ፣ ገለባውን ለነፋስ ሰጥቼ ፍሬውን አስቀርቻለሁና ሥራዬን ያውቁታል። ነገር ግን ሌላም ሥራ አለኝ። በዚህ አካባቢ ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የመጣው እንግዲህ ከዚህ ከሁለተኛው ሥራ ነው።

የሽምግልና ሕግ እንዲህ ነው። ሽማግሌ አይዋሽም፤ ነውርም አያወጣም። በሁለቱ መሃል አንዲት ቀጭን መንገድ አለች፤ እኔ ያቺን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳታለሁ። ልጅቱ ምላሰኛ ከሆነች "ሐሳቧን በሆዷ አትይዝም" እላለሁ። ልጁ ሰነፍ ከሆነ "ችኩል አይደለም" እላለሁ። ሦስት ጊዜ የፈታ ሰው ሲሆን "ትዳር አዲሱ አይደለም" ብያለሁ። እስከ ዛሬ ውሸታም ያለኝ የለም፤ የተጋቡት ግን አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም አይሉኝም።

በዚያ ላይ ነፋስ አይሰደብም። ነፋስ የአላህ መልእክተኛ ነው፣ ዝናብ ይዞ ይመጣል፣ ክፉ አትናገሩት ብለው ሸሆቻችን አስተምረውናል። ሌላም ፍርሃት ነበረኝ። ነፋሳችን እብድ ነው ብል ማሽኑን ጠቅልለው ወደ ሌላ ቀበሌ ቢወስዱትስ? ዘይነባ በጓሮ በር በኩል ቆማ ትሰማለች። ጀሪካኑ ከጎኗ ነው።

ሐና ወረቀቷን ዘርግታ ጠየቀችኝ። "ነፋሳችሁ እንዴት ነው አባባ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ጨዋ ነው። የጨዋ ዘር ነው።"

"በጣም የሚበረታበት ወር አለ?"

"አንዳንዴ ይነቃቃል።"

"ጉዳት አድርሶ ያውቃል?"

እዚህ ላይ ጎረቤቴ ሙሔ አጠገቤ ተቀምጧል። ያለፈው ዓመት ነፋስ የቤቱን ቆርቆሮ ግማሽ አንሥቶ ገደል ከቶበታል። ቀና ብዬ አየሁት። ሙሔ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ይኼ ነፋስ? የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም!" አለ።

ሐና በበሩ አሻግራ ወደ ሙሔ ቤት ተመለከተች። "ታዲያ ያ ቤት ምነው ሸራ ለበሰ?"

"ሙቀት ነው ልጄ፤" አለ ሙሔ ፊቱ ምንም ሳይለወጥ፣ "አየር እንዲገባ ቆርቆሮውን ቀነስ አድርጌው ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙሔን ለሽምግልና ይዤው እሄዳለሁ።

ሐና ጽፋ ስትጨርስ ነገሩን ታስረዳኝ ጀመር። ከኪሷ ሽቦ አወጣች።

"አባባ፣ ይህን አንድ ጊዜ ቢያጥፉት ይሰበራል?"

"አይሰበርም።"

"ወዲያና ወዲህ ቢያመላልሱትስ?"

"ይግላል፤ ከዚያ ይበጠሳል።"

"በቃ፣ የብረት ድካም የሚባለው እሱ ነው። ብረትን የሚገድለው አንድ ትልቅ ዱላ አይደለም። ትንሽ ትንሽ እየሆነ የሚመላለስ ሸክም ነው።"

ዘይነባ ከጓሮ በኩል፣ "ይህን ለማወቅ እስከ ዩኒቨርሲቲ ምን አስኬዳት? እኔን ብትጠይቀኝ በነገርኳት!" አለች። ሐና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ከመኪናው ባትሪ አያይዛ ከፈተችው። የክንፎቹ መያዣ ብረት፣ ሦስቱ ክንፎች የሚታሰሩበት እምብርት ማለት ነው፣ በቀለም አጊጦ ወጣ። ሰማያዊው የማይጨነቀው ነው፤ አረንጓዴው ቻል የሚያደርገው፤ ቢጫው የሚያጉረመርመው፤ ቀዩ የሚሞተው። በኔ ነፋስ ሲሰላ ቀይ የሚባል ጠፋ። ብረቱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ ተኛ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ሃያ ዓመት ከጠዋት እስከ ቀትሩ የዙሁር ሰላት ድረስ አለፈ። እምብርቱም ምንም አልሆነም።

"በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ እኔ አለሁ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"አባባ፣ እሱ እኮ ሰው አያሳይም።"

"እንግዲያው ደግ ነው፤" አልኩ። የማያሳይ ይሻላል።

ተርባይኑ ሰኔ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ከወንዝ የሚመጣው መንገድ ወደ መንደሩ በሚገባበት አፋፍ ላይ ቆመ። ውሃ መጣ። ስለዚህ ጊዜ ብዙ አላወራም፤ ደስታ ወግ አይሆንም። ቧንቧው ከደጃችን ሃምሳ እርምጃ ነበር። ዘይነባ በጓሮ ቃሪያ ተከለች። አንድ ቀን ቃሪያውን ስታጠጣ ድምፅ ሰማሁ። ራዲዮ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ነች። ስትዘፍን። በሩን ሳላንኳኳ ተመልሼ ከግንቡ ጥግ ተቀመጥኩና እስክትጨርስ ጠበቅሁ።

ነፋሱ በበኩሉ ጠባዩን አልለወጠም። በየካቲት ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። ሰዎች "ያ ነገር ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" ሲሉኝ፣ ለሙሽራ አማት እንደምመልሰው፣ "ቤቱን እየለመደ ነው" እላለሁ። በሚያዝያ ጩኸቱ ባሰ። ለሐና ልደውል ስልኩን አነሣሁ። ምን ልበላት? ያ ጨዋ ያልኩሽ ነፋስ ሰከረ ልበላት? ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። እንግዲህ ሞኝነት ሲባል ከዚህ የበለጠ ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን አላውቀውም።

በግንቦት ከደጋው የሚወርደው ነፋስ መጣ። ከቀትር በኋላ ነው። ካንዱ ጎን መጥቶ ሳይጨርስ በሌላው ጎን ይዞራል፤ ማሽኑ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ጨነቀው። አንድ ጊዜ "ጧ!" አለ። እምብርቱ ተሰነጠቀና አንደኛው ክንፍ ተገንጥሎ፣ እየተሽከረከረ ሄዶ በሙሔ ማሳ ላይ፣ ገና በበቀለ ማሽላ መሃል ተኛ። ሰው አልተጎዳም፤ ከብትም አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ። ሙሔ ክንፉን ዙሪያውን እየዞረ አየው።

"አላህ አይረሳም፤" አለ። "ካቻምና ቆርቆሮዬን ወሰደ፤ ዘንድሮ በምትኩ ይህን አመጣልኝ።"

በማግሥቱ የዶሮ ቤቱን ጣሪያ አለበሰበት።

ቧንቧው ሁለት ቀን ጠብ ጠብ አለ፤ በሦስተኛው ደረቀ። ዘይነባ ከጓዳ ጀሪካኑን አወጣች፣ አቧራውን ጠረገች፣ ምንም ሳትለኝ ወረደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰዎቹ በሳምንቱ መጡ፤ ሐናና የሷ አለቃ። አለቃው የግንባታ ቆብ አድርጎ ነበር፤ ሜዳ ላይ ቆሞ እንኳን አላወለቀውም። ምን ሊወድቅበት ነው? የሚወድቀውማ ወድቋል።

መንደሩን ሰብስቦ፣ "ይህ ብረት ሊሰበር አይችልም!" አለ።

የተሰበረው ብረት እግሩ ሥር ነው። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

"ሶፍትዌሩ ሃያ ዓመት ይላል። ስለዚህ ሰው ነክቶታል። ልጆች ተንጠላጥለውበታል?"

"ጌታዬ፣ የባሕር ዛፍ ቁመት አለው እኮ፤" አሉት።

"ድንጋይ ወርውረውበታል?"

"የኛ ልጆች ከወረወሩ እርስ በርሳቸው ነው።"

"ሃያ ዓመት እኮ ነው የሚለው!"

ሙሔ እጁን አወጣ። "ታዲያ ጌታዬ፣ ለክንፉ አልነገራችሁትም ነበር?"

ነገሩ ወዲህ ነው፤ አለቃው በግልጽ ነገረን። ጥፋቱ የመንደሩ ከሆነ መለዋወጫ አይመጣም። ጥፋቱ የብረቱ ከሆነ የሠራው ፋብሪካ አዲስ እምብርትና ክንፍ ይልካል፤ ውሃው ይመለሳል። ሽማግሌዎቹ ከግራር ሥር ተሰብስበን አንድ ቃል ሆንን፤ ነፋሱ ጨዋ ነው፣ ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ ብረቱ ነው ባለጌው። አንዲት ቃል ካላመለጠችን ውሃ እናገኛለን።

ሐና ብቻዋን ቤቴ መጣች። የዘይነባን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

"አባባ፣ ስሌቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ እያሉ ነው። ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ሃያ ዓመት ነው። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ጠፋኝ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ያ ነፋስ በእውነት እንደነገሩኝ ነው?"

አንድ ቃል የሆንበት ግራር በበሩ በኩል ይታየኛል። ጀሪካኑም ይታየኛል። ወላሂ፣ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ውሃ ይኖረን ይሆናል። ግን ልጅቱ ከልቧ ነው የምትጠይቀኝ፤ እኔም በሽምግልናዬ የሰው ልጅ ሳስለቅስ ያ የመጀመሪያዬ አልነበረም። በቃኝ አልኩ።

"አይደለም ልጄ።"

"እንዴት አይደለም?"

"እብድ ነው። ያ ሸራ የለበሰው ቤት ቆርቆሮ ገደል ውስጥ ነው።"

"አባባ! ታዲያ ለምን ጨዋ ነው አሉኝ?"

"ስለ ነፋስ ክፉ አይወራማ። ደግሞ ልትሰጡን የመጣችሁ ሰዎች ናችሁ። ቤቱን ለማየት ለመጣ እንግዳ ጣሪያችን ያፈስሳል ይባላል?"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ውሃ እንድትጠጣ ልነሣ ስል፣ ለካስ ሳቅ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ለቅሶም ነበረበት። ቀና ብላ እስክሪብቶዋን አወጣች።

"በሉ አሁን እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ገበሬ ይንገሩኝ።"

ነገርኳት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ለአውድማ የሚስማማ ነው፤ ገለባ ወስዶ ፍሬ ይተዋል። የየካቲቱ ፍሬውንም ይወስዳል። የግንቦቱና የሰኔው ላይዳውን ከእጅ ይመነጭቃል፤ ያን ጊዜ አህያ እንኳን ጭነቷን ይዛ ትተኛለች። በቀን ስንት ጊዜ አቅጣጫ እንደሚለዋውጥ፣ መቼ እንደሚያርፍ፣ ሳያርፍ ስንት ቀን እንደሚውል፣ ስድሳ ዓመት በቆዳዬ የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። እሷ ትጽፋለች። እንዲህ አድርጎ የሰማኝ ሰው በዕድሜዬ የለም።

አዲሱን ነፋስ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባችው። ከዙሁር እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ሲሠራ ዋለ። ሰማያዊው ሐይቅ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ክንፉ ከእምብርቱ ከሚያያዝበት ሥር ላይ እንደ ቁስል ቀላ። ልክ የተሰነጠቀው ቦታ ላይ ነው። ከሥሩም ቁጥር ወጣ፤ ዐሥራ አንድ ወር። ከሰኔ እስከ ግንቦት ቁጠሩት።

አለቃው ሲያይ ያንን ቆብ ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቀ። መላጣ ነበር።

"ትክክል ነበርን!" ብሎ ጮኸ። "ስሌታችን ትክክል ነው! ሶፍትዌሩም ትክክል ነው! ብረቱም ትክክል ነው!" እጄን ይዞ ነቀነቀኝ፤ አቆመኝና ከተሰበረው ብረት ጋር ፎቶ አነሣኝ። ሐናም ከጥፋት ነጻ ወጣች። ፋብሪካው ነጻ ወጣ። ልጆቹ ነጻ ወጡ። በዚያ ቀን ሁሉም ነጻ ሲወጣ እኔና ውሃው ብቻ ቀረን።

"እንግዲህ መለዋወጫው መቼ ይመጣል?" አልኩት።

"የለም አባባ፤ እንዲህ ያለ ነፋስ ላይ ይህ ማሽን አይተከልም። ነቅለን ነፋሱ ወደ ተለካበት ቦታ እንወስደዋለን።"

"በፀሐይ የሚስብ አለ ይባላል፤ ያን አድርጉልና።"

"እሱ ሌላ ፕሮጀክት ነው።"

ሐና መሬት መሬት ታያለች። "አባባ፣ እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ" አለች። ጽፋለችም፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ አላህ ያቆያት። መልሱን ግን ማን ያምጣው?

ለመትከሉ ጊዜ አልነበረም፤ ለመንቀሉ ግን በቂ ጊዜ ተገኘ። ክሬን መጣ። ብሎኖቹን እንኳን ቆጥረው ወሰዱ። ሙሔን ክንፉን መልስ ቢሉት ዶሮዎቹን ሊያስመሰክር ደረሰ፤ መጨረሻ ላይ ተዉለት። ማኅበረሰቡ ተስማምቷል የሚል ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ከሽማግሌዎቹ መፃፍ የምችል እኔ ስለሆንኩ። መሠረተ ትምህርት ለዚህ ጠቀመኝ።

መንደሩ አልማረኝም። "ምላስህን በያዝክ!" አሉኝ። አንዳንዱ ያስቆጣው ያኔ መዋሸቴ ነው፤ አብዛኛው የተቆጣው ኋላ እውነቱን መናገሬ ነው። ከሁሉ የባሰው ሙሔ ነው። "እኔ እኮ ያኔውኑ ተጠራጥሬ ነበር" ይላል፤ የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ተደግፎ።

ዘይነባ በየጠዋቱ ወንዝ መውረዷን ቀጠለች። አንድ ጠዋት ጀሪካኑን ስታነሣ እጇን ያዝኩና፣ "ምላሴ ያመጣውን ወገቤ ይሸከመው" አልኳት።

"አንተ? ከሴቶች ጋር?"

"ከሴቶች ጋር።"

ወረድኩ። በኛ አገር ወንድ ውሃ በጀርባው አይሸከምም፤ ሽማግሌማ ጭራሽ ታይቶ አይታወቅም። ወንዙ ዳር ያሉት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከድጃ የምትባለው፣ እኔው ሽማግሌ ሆኜ የዳርኳት፣ "አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊድሩ ወረዱ?" አለችኝ። ሳቁ። ቀድመው ይቅዱ ብለው ሲለቁልኝ እምቢ አልኩ፤ ተራዬን ጠበቅሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሃያ ሊትር ውሃ ስታዩትና ስትሸከሙት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሳየው ነበር የኖርኩት።

ዳገቱን ስወጣ አምስቴ አረፍኩ። በየዕረፍቱ ጀሪካኑን መልሶ ጀርባ ላይ ለማውጣት ሰው ያስፈልጋል፤ ከድጃ እየተመለሰች ታነሣልኝ ነበር። አፋፉ ላይ ስደርስ ግን ማንም አላስፈለገኝም። የተርባይኑ ምሰሶ የቆመበት ኮንክሪት እዚያው አለ፤ ክሬኑ ሊነቅለው ስላልቻለ ትተውት ሄዱ። ከፍታው በወገቤ ልክ ነው። ጀሪካኑን እላዩ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ትንሽ ትተነፍሳላችሁ፣ ጀርባችሁን ትሰጡታላችሁ፣ ገመዱን በደረት ታሳልፋላችሁ፣ ብቻችሁን ትነሣላችሁ። አሁን ሴቶቹ ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፉት፤ እኔም እዚያ ነው የማርፈው። ከዚያ ሁሉ መኪና፣ ከዚያ ሁሉ ቀለም፣ ከዚያ ሁሉ ስሌት የቀረልን እሱ ነው። ቁመቱን ማንም ለኛ ብሎ አልለካውም፤ ልክ ነው።